«ፖብሬ»፦ የአንድ ቅጽል ሥፍራና የሰው ልጅ ክብር

የባዕድ ቋንቋ መማር የሚጀምር ሰው ከሁሉ በፊት የሚያምነው በእኩል ምልክት ነው። በደብተሩ ግራ ገጽ የባዕዱን ቃል ይጽፋል፤ በቀኙ የአፍ መፍቻ ቋንቋውን ቃል ያሰፍራል፤ በሁለቱ መካከል ሁለት አጫጭር መስመሮች ይሰነዝርና ጉዳዩ ያለቀ ይመስለዋል። ውኃ ውኃ ነው፤ ዳቦ ዳቦ ነው፤ ድሃም ድሃ ነው። ይሁን እንጂ ተማሪን ከሁሉ አብልጠው የሚያታልሉት እነዚሁ ተራ የሚባሉት ቃላት ናቸው። ብርቅ የሆነ ቃል ሥራው አንድ ብቻ በመሆኑ መዝገበ ቃላት ውስጥ ቀጥ ብሎ ይገኛል። በየዕለቱ በየሰዉ አፍ የሚመላለሰው ቃል ግን የተናጋሪዎቹን ኑሮ፣ ርኅራኄ፣ ፍርድና ንቀት ሁሉ ተሸክሞ ይዞራል። ሸክሙ የሚታየውም ቃሉን በአረፍተ ነገር ውስጥ አስገብቶ ሊጠቀምበት ለሚሞክር ሰው ነው።

ከእነዚህ ቃላት አንዱ «ፖብሬ» የሚለው የእስፓኝኛ ቅጽል ነው። እስፓኝኛ በ20 አገሮች የመንግሥት ቋንቋ ሲሆን፣ ከእነዚህ አንዷ ኢኳቶሪያል ጊኒ በአፍሪካ ምድር ትገኛለች። አፍ የፈቱበት ሰዎች ቁጥር ወደ 500 ሚሊዮን ይጠጋል። «ፖብሬ» ከላቲኑ «ፓውፐር» የወረደ ሲሆን፣ ትርጉሙ «ድሃ» ነው። ለወንድም ለሴትም ሳይለወጥ ያገለግላልና ለጀማሪ የተመቸ ቃል ይመስላል። በመጀመሪያው ወር ከሚጠኑት ቅጽሎች ተርታ የሚሰለፈውም በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን ቃል በልጅነታቸው ከተማሩት መካከል ኢትዮጵያውያን ይገኙበታል። ከኩባ ዋና ምድር በስተደቡብ የምትገኘው የጥድ ደሴት እ.ኤ.አ. በ1978 «የወጣቶች ደሴት» ተብላ ከተሰየመች ወዲህ፣ ከአፍሪካና ከሌሎች አህጉራት የመጡ ልጆች የሚማሩባቸው አዳሪ ትምህርት ቤቶች ተከፍተውባት ነበር። በሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች ወደዚያ ተልከዋል፤ ብዙዎቹ ወላጆቻቸውን በሶማሊያ ጦርነት ያጡ ነበሩ። ግማሹን ቀን በክፍል ውስጥ፣ ግማሹን ቀን በብርቱካንና በመሰሎቹ ፍሬዎች እርሻ ላይ ያሳልፉ ስለነበር፣ ቋንቋውን በጥቁር ሰሌዳም በሥራ ላይ ንግግርም ለመዱት። እንዲህ ያለ ተማሪ ከማንኛውም የሰዋስው መጽሐፍ ቀድሞ የሚያጋጥመው እንቆቅልሽ አለ። ሰዎች አንዳንድ ጊዜ «ኦምብሬ ፖብሬ» ይላሉ፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ «ፖብሬ ኦምብሬ» ይላሉ። ቃላቱ ሁለቱም ጊዜ «ሰው» እና «ድሃ» ናቸው። የተለወጠው የመቆሚያቸው ሥፍራ ብቻ ነው።

የሥፍራው ለውጥ ግን ትርጉሙን ከሥሩ ይገለብጠዋል። ቅጽሉ ከስሙ በኋላ ሲውል፣ «ኦምብሬ ፖብሬ» ሲባል፣ ገንዘብ የሌለው፣ ጎጆው ባዶ የሆነ ሰው ማለት ነው። ከስሙ በፊት ሲውል፣ «ፖብሬ ኦምብሬ» ሲባል፣ የሚያሳዝን፣ ዕድለ ቢስ፣ «አይ ምስኪን!» የሚባልለት ሰው ማለት ነው። ስለዚህ ባለ ብዙ ሚሊዮን ከበርቴ ልጁ ቢሞትበት ያለ ጥርጥር «ፖብሬ ኦምብሬ» ይባላል፤ «ኦምብሬ ፖብሬ» ግን ሊባል አይችልም። በአንጻሩ አንድ የቀን ሠራተኛ ኪሱ ባዶ ቢሆንም ቤቱ ሰላም፣ ልቡ ሙሉ ከሆነ «ኦምብሬ ፖብሬ» እንጂ «ፖብሬ ኦምብሬ» አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1781 በካራካስ የተወለደው አንድሬስ ቤዮ እ.ኤ.አ. በ1847 በቺሌ ባሳተመው ታላቅ የሰዋስው መጽሐፍ ይህን የቅጽል ሥፍራ ጉዳይ መርምሮታል። በእርሱ አስተያየት፣ ከስሙ በኋላ የሚመጣ ቅጽል በአብዛኛው ይለያል፤ ከብዙዎቹ መካከል የትኛው እንደሆነ ያመለክታል። ከስሙ በፊት የሚመጣው ግን ያብራራል፤ በነገሩ ውስጥ አስቀድሞ አለ የሚባለውን ባሕርይ አውጥቶ ያሳያል። ይህ ልዩነት በ«ፖብሬ» ላይ ሲውል ከሰዋስው አልፎ የሥነ ምግባር ጥያቄ ይሆናል። ከስሙ በኋላ የቆመው «ፖብሬ» ሊመረመር የሚችል ነገር ይናገራል፤ ሰውየው ስንት እንደሚያገኝ፣ ምን እንዳለውና ምን እንደጎደለው ይጠየቃል፤ መልሱም ይቈጠራል። ከስሙ በፊት የቆመው «ፖብሬ» ግን ስለ ተናጋሪው ይመሰክራል። የተናጋሪውን ልብ፣ ከዚያም በላይ ተናጋሪው የቆመበትን ከፍታ ያሳያል። ሰው «አይ ምስኪን!» የሚለው ቢያንስ በዚያች ሰዓት ከሚታዘንለት ሰው ከፍ ብሎ ሲቆም ነውና።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ማዘን በራሱ መልካም አይደለምን? እናት የወደቀ ልጇን አንሥታ «ፖብሬሲቶ» ስትል በዚያች ቃል ውስጥ ምን ክፋት ይገኛል? በእርግጥ ክፋት የለበትም። በሌላው ሥቃይ የማይደነግጥ ልብ ለፍትሕም አይነሣሣም። ነገር ግን ቋንቋው ራሱ፣ ርኅራኄ ባለበት ረግቶ ከቀረ ወዴት እንደሚንሸራተት ያስጠነቅቃል። «ፖብሬ ኦምብሬ» ከኀዘን መግለጫነቱ ጎን ሌላ ትርጉም አለው፤ ዐቅመ ቢስ፣ ቆራጥነት የጎደለው፣ ከቁም ነገር የማይገባ ሰው ማለትም ነው። አንዱን ሰው «እርሱ እኮ ፖብሬ ኦምብሬ ነው» ማለት አዝኖለት ሳይሆን ንቆት መሄድ ነው። «ፖብሬ ዴ ቲ» ሲባል ደግሞ «ወዮልህ» ማለት ነው፤ ዛቻ ይሆናል። እንግዲህ ከአንዲት ቃል ርኅራኄ፣ ንቀትና ዛቻ ተራ በተራ ይወጣሉ። ከርኅራኄ ወደ ንቀት የሚወስደው መንገድ አጭር መሆኑን ብዙዎች አይገነዘቡትም፤ በዕለታዊ ንግግር ግን ዘወትር ይረገጣል።

ይህ መንገድ ምን ያህል እንደቈየ የሚመሰክር ሌላ የእስፓኝኛ ቅጽል አለ፤ እርሱም ለአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ እንግዳ አይደለም። ቃሉ «ሜስኪኖ» ነው። ዛሬ ትርጉሙ ገብጋባ፣ ቆጥቋጣ፣ ልበ ጠባብ፣ ወራዳ ማለት ነው። የተገኘው «ምስኪን» ከሚለው የዐረብኛ ቃል ሲሆን፣ ወደ እስፓኝ የገባው ከ711 እስከ 1492 እ.ኤ.አ. ዐረቦችና ሙስሊሞች በዚያች ምድር በኖሩባቸውና በልዩ ልዩ ክፍሎቿ በገዙባቸው መቶ ዓመታት ነው። ግዕዝና አማርኛም ይህንኑ ቃል ያውቁታል። የሩቅ ምንጩ ግን ከሁሉም ይቀድማል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ18ኛው መቶ ዓመት በባቢሎን ንጉሥ በሐሙራቢ ሕግ ውስጥ «ሙሽኬኑም» የሚባል የኅብረተሰብ ክፍል ተጠቅሷል፤ ከጌቶች በታች፣ ከባሪያ በላይ የሆነ ሕዝብ ነው። በዚያ ሕግ የጌታን ዓይን ያጠፋ ሰው የራሱ ዓይን ይጠፋል። የሙሽኬኑምን ዓይን ያጠፋ ግን አንድ ምናን ብር ከፍሎ ይሄዳል። የጌታው ዓይን በዓይን ሲመለስ የምስኪኑ ዓይን በብር ተተምኗል ማለት ነው።

ቃሉ ከባቢሎን ተነሥቶ በአራማይክ በኩል ወደ ዐረብኛ፣ ከዚያም ወደ እስፓኝኛ ሲጓዝ ያደረገው ለውጥ በጥሞና ሊታይ ይገባል። መነሻው የመደብ ስም ነበር፤ ሰውየው በኅብረተሰብ ውስጥ ያለውን ሥፍራ ብቻ ይናገር ነበር። ቀጥሎ የኪስ ስም ሆነ፤ ገንዘብ የሌለው ማለት። ቀጥሎ የዕድል ስም ሆነ፤ የሚያሳዝን ማለት። በቀድሞው እስፓኝኛ «ሜስኪኖ» ድሃና መከረኛ ማለት ነበርና። በመጨረሻ የጠባይ ስም ሆነ፤ ልቡ የጠበበ፣ እጁ የማይዘረጋ ማለት። የሚሰጠው ነገር ያልነበረው ሰው ስሙ መስጠት ለማይወድ ሰው መጠሪያ ሆኖ ቀረ። ዛሬ በእስፓኝኛ ተናጋሪ ከተሞች ሀብታሙ ቆጥቋጣ «ሜስኪኖ» ይባላል። ስድቡ የተቀዳው ግን ከባለጠጋው ታሪክ ሳይሆን ከድሃው ስም ነው።

ይህ የሌሎች ሕዝቦች ጉድ ብቻ አይደለም። በአማርኛ «ምስኪን» ወደ ስድብነት አልወረደም፤ ቢበዛ የዋህነትንና ለራሱ የማያውቅ ሰውን ያመለክታል። ሌሎች ቃላት ግን ያንኑ ቁልቁለት ወርደዋል። «መናጢ ድሃ» ሲባል መናጢ የድህነትን ጥልቀት የሚያጎላ ቃል ነው፤ ብቻውን ሲነገር ግን ክፉ ጠባይ ላለው ሰው የሚወረወር ስድብ ሆኗል። «ችጋር» ሕዝብን የፈጀ መከራ ነው፤ «ችጋራም» ግን መከራ ለደረሰበት ሰው የሚሰጥ የንቀት ስም ነው። ዝናብ የቀረበትን፣ መሬት ያልነበረውን፣ ከብቱ ያለቀበትን ገበሬ ያገኘው ነገር በስሙ ላይ ተለጥፎ የባሕርዩ ጉድለት ይመስላል።

ሰዎች የድህነትን ስም ወደ ጠባይ ስም የሚለውጡት ለምንድን ነው? መልሱ ከምቾት ጋር የተያያዘ ይመስላል። ድሃው ድሃ የሆነው በጠባዩ ምክንያት ከሆነ ሌላ ማንም አይጠየቅም። ግብር የሰበሰበ፣ መሬት የያዘ፣ ደመወዝ የቈረጠ፣ ዋጋ የወሰነ ሁሉ በሰላም ያድራል። ኀዘኔታም ሳይቀር ይህንኑ ምቾት ሊሰጥ ይችላል። ያዘነ ሰው ዕዳውን የከፈለ ይመስለዋልና። ስለዚህ ከስሙ በፊት የቆመ ቅጽል፣ ማለት ጥያቄ ሳይጠይቅ የሚያዝን ልብ፣ አንዳንድ ጊዜ ከጭካኔ ባልተናነሰ ሁኔታ የነገሩን ምክንያት ይሸፍናል።

እርግጥ ነው፣ ድህነትን ሁሉ በአንድ ሚዛን መለካት አይቻልም። በገዛ ፈቃዱ ሀብቱን ትቶ ገዳም የገባ መነኩሴና ሀብት አይቶ የማያውቅ ጭሰኛ ሁለቱም በባዶ እግራቸው ቢሄዱ፣ የአንዱ ምርጫ ሲሆን የሌላው ግዳጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 በኮሎምቢያ፣ በሜዴይን ከተማ የተሰበሰበው የላቲን አሜሪካ የካቶሊክ ጳጳሳት ጉባኤ ይህን ጉዳይ ሲመረምር፣ በ«ፖብሬ» ቃል ሥር የተቀላቀሉትን ሦስት ነገሮች ለያይቷል። አንደኛው ለኑሮ የሚያስፈልገውን ማጣት ነው፤ ይህም ክፉ ነገር ነው። ሁለተኛው የመንፈስ ትሕትና ነው። ሦስተኛው ከድሆች ጋር ለመሰለፍ በፈቃድ የሚያዝ የኑሮ መንገድ ነው። የፔሩው ጉስታቮ ጉቲየሬስም እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው የነጻነት ነገረ መለኮት በተሰኘው መጽሐፉ ይህንኑ ልዩነት አስፋፍቶ አስረድቷል። የልዩነቱ ቁም ነገር ቀላል ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው ሊመሰገኑ ይችላሉ፤ የመጀመሪያውን ማመስገን ግን የተራበን ሰው በረኃቡ እንደ ማወደስ ነው።

በዚያው አህጉር ሰዎች ከ«ፖብሬ» ጎን ሌላ ቃል ማዘውተር የጀመሩት በዚህ ምክንያት ነው፤ «ኤምፖብሬሲዶ»። ትርጉሙ «እንዲደኸይ የተደረገ» ነው። «ፖብሬ» ሁኔታን ይገልጻል፤ «ኤምፖብሬሲዶ» ግን ድርጊትን ያስታውሳል፤ ድርጊት ካለ ደግሞ አድራጊ አለ። ለዚህ ከቦሊቪያዋ ከፖቶሲ ከተማ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። የከተማይቱ የብር ተራራ በእስፓኞች ዘንድ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1545 ነው። በ17ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ከ100,000 በላይ ሕዝብ ይኖርባት ነበር፤ ብሯም ከአውሮፓ እስከ ቻይና ገበያ ደርሷል። ማዕድኑን ያወጡት ግን «ሚታ» በተባለው የግዳጅ ሥራ ሥርዓት በየተራ ከየአውራጃው የሚነዱ የአገሬው ተወላጆች ነበሩ፤ ሥርዓቱም ከሁለት መቶ ዓመታት በላይ ቈይቷል። እስፓኝኛ እስከ ዛሬ እጅግ ውድ የሆነ ነገርን «ፖቶሲ ያወጣል» ይለዋል። የፖቶሲ ክፍለ ሀገር ግን ዛሬ በቦሊቪያ ውስጥ ከድሆቹ አካባቢዎች አንዱ ነው። የቦታው ስም በቋንቋው ውስጥ የብልጽግና ምሳሌ ሆኖ ሲኖር፣ የቦታው ሰዎች «ፖብሬ» ተብለዋል። ለእነዚህ ሰዎች ትክክለኛው ቅጽል የትኛው እንደሆነ መገመት አያዳግትም።

አማርኛ ለዚህ ሥራ ሌላ መሣሪያ አለው። በአማርኛ ቅጽል ምንጊዜም ከስሙ ይቀድማል፤ «ሰው ድሃ» አይባልም። ስለዚህ በሥፍራ ለውጥ ትርጉም መለየት አይቻልም። ግሡ ግን ይህን ይሞላዋል። «ደኸየ» እና «አደኸየ» በአንዲት ፊደል ይለያያሉ፤ በዚያች «አ» ውስጥ ግን አንድ ተጠያቂ ቆሟል። «ገበሬው ደኸየ» ያለ ሰው ዜና ነገረ፤ «ገበሬውን አደኸዩት» ያለ ሰው «እነማን?» የሚል ጥያቄ አስነሣ። መምህር ይህን ልዩነት ለተማሪዎቹ ሲያስረዳ የሰዋስው ትምህርት ብቻ እየሰጠ አይደለም።

ነገሩ ከግለሰብ አልፎ ሕዝብንና አገርንም ይነካል። በ1977 ዓ.ም. የረኃቡ ምስል በቴሌቪዥን ዓለምን ሲያዳርስ፣ በየቋንቋው የኢትዮጵያ ስም ከዚያ ምስል ጋር ተጣመረ። በወጣቶች ደሴት የነበሩት ኢትዮጵያውያን ልጆች በዚያን ጊዜ እስፓኝኛን አጣርተው ለይተውታል። በዚያ ቋንቋ ስለ አገራቸው ሁለት ነገር ማለት ይቻል ነበር። «ፓይስ ፖብሬ» ሲባል ድሃ አገር ማለት ነው፤ ይህ በአኃዝ ሊታይ የሚችል እውነት ነበር፤ መንሥኤውም ሊመረመር፣ ሊለወጥ ይችላል። «ፖብሬ ፓይስ» ሲባል ግን «አይ የመከረኛ አገር!» ማለት ነው። እርዳታ የላኩት ብዙዎች ከልባቸው አዝነዋል፤ የላኩትም እህል ሕይወት አድኗል፤ ይህን መካድ ውለታ ቢስነት ይሆናል። ሆኖም እህሉ ተበልቶ ካለቀ በኋላ ቅጽሉ ከስሙ ፊት እንደ ቆመ ለብዙ ዓመታት ቀርቷል። በሕዝብ ላይ የደረሰ መከራ የሕዝቡ ጠባይ መስሎ ሲታይ፣ የዚያ ሕዝብ ልጅ በባዕድ አገር ስሙን ከመናገሩ በፊት ይታዘንለታል፤ ከታዘነለትም በኋላ አስተያየቱን የሚጠይቀው አያገኝም።

ከዚህ ለኪነ ጥበብ ሰዎች የሚተርፍ ትምህርት አለ። በሸራ ላይ የተሣለ ለማኝ፣ በልብ ወለድ ውስጥ የገባ የቀን ሠራተኛ፣ በመድረክ ላይ የቆመች ገረድ ሁሉ በሁለት መንገድ ሊቀርቡ ይችላሉ። ደራሲው ቅጽሉን ከሰው ካስቀደመ፣ አንባቢው አልቅሶ ይወጣል፤ ሰውየውን ግን አያውቀውም። እንባው ደርቆ ሲያበቃ የሚቀረው አንድ ጐስቋላ ጥላ ብቻ ነው። ሰውን ካስቀደመና ድህነቱን ካስከተለ ግን፣ አንባቢው በመጀመሪያ ቀልደኛ ወይም ቁጡ፣ ብልህ ወይም ግትር የሆነ አንድ ሰው ያገኛል፤ ቀጥሎም ይህ ሰው ምን እንደ ጎደለውና ማን እንዳጐደለበት ይጠይቃል። ንግግር አዋቂው ካድሬም ቢሆን በሪፖርቱ ድሆችን ቈጥሮ፣ በስብሰባ ላይ ስለ «ምስኪኑ ሕዝብ» አዝኖ ሲያበቃ፣ ሕዝቡ ራሱ ምን እንደሚል ሳይሰማ ከተነሣ፣ ሁለቱንም የቅጽል ሥፍራዎች ተጠቅሞ ስሙን ዘሎታል ማለት ነው።

እስፓኝኛ ፍጹም ችግረኛ የሆነውን ሰው «ፖብሬ ዴ ሶሌምኒዳድ» ይለዋል፤ «የክብረ በዓል ድሃ» እንደ ማለት ነው። በታላላቅ በዓላት ቀን በቤተ ክርስቲያን ደጅ ተሰልፎ ከሚለምነው ሰው የመጣ ስም ነው። ይህን ሥዕል ለመረዳት ኢትዮጵያዊ አስተርጓሚ አያስፈልገውም፤ በየደብሩ ደጃፍ በየክብረ በዓሉ የሚታይ ነውና። አማርኛ ግን ለዚያው ሰው ሌላ ስም አውጥቶለታል፤ «የኔ ቢጤ» ይለዋል። የኔ እኩያ፣ የኔ አምሳያ ማለት ነው። ይህ ስም ስለ ኪስ አያወራም፤ ኀዘንም አያሰማም። ለማኙን በተናጋሪው ትይዩ፣ በአንድ መሬት ላይ ያቆመዋል።

ቃሉ ይህን ስላለ የተናጋሪው እጅም ይህን አድርጓል ማለት አይደለም። «የኔ ቢጤ» እያለ ፊቱን አዙሮ የሚያልፍ ብዙ ነው፤ ከልማድ ብዛትም ቃሉ ትርጉሙን ሳያስታውስ ይነገራል። ቋንቋ ግን ተናጋሪዎቹ የዘነጉትን ነገር አንዳንድ ጊዜ አስቀምጦ ያቈያል። እስፓኝኛ የሚማረው ሰው ደብተሩን መልሶ ሲገልጥ ያንን የእኩል ምልክት መሰረዝ ይኖርበታል። በምትኩ ሊጽፍ የሚገባው አንድ ማስታወሻ ነው፤ ይህ ቅጽል ከመነገሩ በፊት ተናጋሪው የት እንደቆመ ራሱን ይጠይቅ።